ልጄ የሚሰማውን ስሰማ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የልጄን ሄድፎን ከጆሮው ላይ ቀማሁት።

የምሳ ሰዓት ነበር። እናቱ ሥራ ላይ ናት። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ 35 ዓመት ከሠራሁበት ማተሚያ ቤት የተሰናበትኩ ጡረተኛ፣ እሱ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ካየ ወዲህ ከክፍሉ መውጣት ያስጠላው የ19 ዓመት ጎረምሳ። ሽሮው ፊታችን እየቀዘቀዘ ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል፤ ከጆሮው ላይ «ጡ… ጡ… ጡ…» የሚል ድምፅ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ጠራሁት። አልሰማኝም። በሦስተኛው እጄን ሰነዘርኩና ሄድፎኑን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ልጄን የወሰደብኝ ይህ ጩኸት ነው» አልኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ የተናገርኩት እስካሁን አላውቅም።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ጉርሻውን ውጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ «አባዬ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተኸው ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

ምን ልበለው? እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ዋልያስ ባንድን በሬዲዮ ስከፍት አባቴ «ይህን የቆርቆሮ ኳኳታ ዝጋልኝ» ይሉኝ ነበር። እሳቸውም አንዱን እስከ መጨረሻው ሰምተው አያውቁም።

የፈተናው ነገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። የእኔ ልጅ ካለፉት ጥቂቶች መካከል አልነበረም። ውጤቱ የታየ ዕለት ምንም አላለም። የከበደው የሰው ጥያቄ ነው። ለቅሶ ቤት «ልጁ የት ደረሰ?» ይባላል፤ ሠርግ ቤት «የት ገባ?» ይባላል። መጀመሪያ ለቅሶ ቤት መሄድ ተወ፣ ቀጥሎ ሠርግ ቤት፣ ቀጥሎ ሳሎን መቀመጥ። በመጨረሻ ሄድፎኑን አጠለቀ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የሆነውን ሁሉ ረስቼ ጥፋቱን በሄድፎኑ ላይ ጫንኩት።

ማታ የሆነውን ለእናቱ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ታዲያ ለምን አብረኸው አትሰማም? አሁን ጊዜ አለህ» አለችኝ። በነገሩ ውስጥ ትንሽ ሽሙጥ ነበረበት፤ ቢሆንም እውነቷን ነው።

በማግስቱ ከልጄ ጋር ውል ገባን። እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ቡናው ካበቃ በኋላ፣ አንድ አልበም እስከ መጨረሻው አብረን እንሰማለን። ሦስት እሑድ እሱ ይመርጣል፤ አራተኛው የእኔ ነው። ሕጉም ሁለት ነው። አልበሙ ሳያልቅ ማንም አይናገርም፤ በዚያ ሰዓት ስለ ፈተና አይነሣም። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን እሱ።

ከመቀጠሌ በፊት እንደ እኔ ግራ ለሚገባው ወላጅ ስለ ስሞቹ ጥቂት ልበል። «ኢንዲ» የሚሉት ራሱን የቻለ፣ ለማንም ያላደረ ማለት ነው። የዓለምን የሙዚቃ ንግድ በአብዛኛው የያዙት ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር የተባሉ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ከእነሱ ውጭ በትንንሽ አሳታሚ የሚወጣው ሙዚቃ ነው ኢንዲ የተባለው፤ ኋላ ግን ስሙ ለአንድ ዓይነት ለስለስ ያለ የአዘፋፈን ስልትም ሆነ። «ኤሌክትሮኒክ» የሚባለው ደግሞ ድምፁ ከክርና ከቆዳ ሳይሆን ከሲንተሳይዘር፣ ከድራም ማሽንና ከኮምፒዩተር የሚወጣ ነው። ልጄ የሚሰማው የሁለቱን ድብልቅ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ልጄ አንድ የጆሮ ማዳመጫ አመጣና ለሁለት ተካፈልነው፤ ቀኙ ለእኔ፣ ግራው ለእሱ። ግራ ጆሮዬ ከማተሚያ ማሽን ጎን ስቆም ከኖርኩ ወዲህ በደንብ አይሰማም። ይህን ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ጩኸት ውስጥ የኖርከው አንተ ነህ» አለኝ።

የመረጠው «ዘ ኤክስኤክስ» የተባሉ የለንደን ልጆች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውን ነው። አልበሙ ሲወጣ ዕድሜያቸው 20 ገደማ ነበር፤ የተገናኙትም ትምህርት ቤት ነው። በቀጣዩ ዓመት መርኩሪ የተባለውን ትልቅ የብሪታንያ ሽልማት ወሰዱበት። ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ የኤክስ ምልክት አለው፤ ሌላ ምንም የለበትም። በሙያዬ ሽፋን አይቶ ማለፍ አልችልምና «ቀለም የቆጠቡ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

ጩኸት ጠብቄ ነበር። የመጣው ሹክሹክታ ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተራ በተራ ቀስ ብለው ይዘፍናሉ፤ ጊታሩ አንድ ኖታ ይነካና ዝም ይላል፤ ከበሮው ከሩቅ ጎረቤት እንደሚመጣ ነው። ቤተሰብ እንዳይነቃ በሌሊት ተደብቀው የሚያወሩ ሁለት ልጆች መሰሉኝ። ግጥሙ ስለ ፍቅር እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከልጄ ጋር ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቼ ይህን መስማት ትንሽ አሳፍሮኛል። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን በድምፆቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። እኛ ገጽ ስናዘጋጅ ጽሑፉን የሚያስነብበው በዙሪያው የሚተወው ነጭ ቦታ ነው ይባል ነበር። እንደዚያ ነው።

ሲያልቅ ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝና «እኔም የምወደው ለዚያ ነው፤ ግን እንዲህ ብዬ መናገር አልቻልኩም ነበር» አለኝ። ከውጤቱ ቀን ጀምሮ ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

በሁለተኛው እሑድ ከስኮትላንድ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ተራ ነበር። ስማቸው «ቦርድስ ኦቭ ካናዳ» ነው፤ በልጅነታቸው ያዩዋቸው ከነበሩት የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ዘጋቢ ፊልሞች የወሰዱት። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን የርእሱ ሐሳብ «ሙዚቃ ለልጆች መብት አለው» እንደማለት ነው። ሽፋኑን ሳይ ደነገጥኩ። የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ ነገር ግን የሁሉም ፊት ጠፍቷል። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። «ይህ የኅትመት ስሕተት ነው?» ብዬ ሕጉን ልሰብር ምንም አልቀረኝም።

ድምፁም እንደ ሽፋኑ ነው። የሕፃናት ሳቅና ንግግር ተቆራርጦ ይሰማል፤ ዜማው ደግሞ ይወላገዳል። ያንን መወላገድ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ካሴት መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትተወው፣ ክሩ ተለጥጦ የዘፋኙ ድምፅ እንደ ሰከረ ሰው የሚሆነው ነው። እኛ በዚህ ምክንያት ስንቱን ካሴት ጥለናል። እነዚህ ወንድማማቾች ግን ሆን ብለው ሠሩት።

ሲያልቅ «አልወደድኩትም፤ ሆዴን ባር ባር አለው» አልኩት።

«እኮ! ማድረግ የፈለገው ያንን ነው። ድሮ ሁሉም ነገር ቀላል የነበረበትን ጊዜ ያስታውሰኛል።»

ሳቅሁ። «አንተ 19 ዓመትህ ነው። የምን ድሮ አለህ?»

«12ኛ ክፍል ሳልደርስ» አለኝ።

ስለ ፈተና እንዳይነሣ ሕግ ያወጣው እሱ ነበር። ሕጉን የሰበረውም እሱ ሆነ። እኔ ምንም አልመለስኩም። መልስ ጠፍቶኝ እንጂ ብልህ ሆኜ አይደለም። አሁን ሳስበው ግን ዝም ማለቴ ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ የቀረውን ራሱ ተናገረ። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ወዲህ ስልካቸውን ማንሣት እንደሚያስፈራው፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ሳስል «አሁን ሊጠይቀኝ ነው» ብሎ ሄድፎኑን እንደሚያደርግ። እኔ ሙዚቃ ለመስማት የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዳንዴ ምንም አይከፍትበትም፤ ጆሮው ላይ ብቻ ያደርገዋል።

በሦስተኛው እሑድ የሰማነውን በአጭሩ ልለፈው። «አፌክስ ትዊን» በሚል ስም የሚታወቅ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው አልበም ነው። ሽፋኑ የራሱ ፊት ነው፤ የሚያስፈራ ፈገግታ አለው። ከበሮው ከሰው እጅ ፍጥነት በላይ ይሮጣል፤ በጋለ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል። ከሥሩ ደስ የሚል የቫዮሊን ዓይነት ዜማ አለ፤ ግን ሽምብራው አላሰማ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ መሆኑን አመስግኜ «ይህን አንተው ስማው» አልኩት። አልተቀየመም። ሁሉን ወድጄለት ቢሆን ኖሮ ኋላ ያልኩትን የሚያምነኝ አይመስለኝም።

አራተኛው የእኔ እሑድ ነበር። ተዘጋጅቼበታለሁ። ከሣጥን ሥር አንድ አሮጌ ካሴት አወጣሁ፤ የኃይሉ መርጊያ ነው። ከውጭ አገር ትምህርቴ ተመልሼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መርካቶ ከአንድ ሙዚቃ ቤት የገዛሁት። ማጫወቻው ስለሌለን ካሴቱን እያሳየሁ ታሪኩን ልነግረው፣ ሙዚቃውን ደግሞ ከስልኩ ላይ ፈልግልኝ ልለው ነበር። ልጄ ካሴቱን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «አባዬ! ይሄ እኛ ቤት ነበር?» አለ። ለካ ያውቀዋል። ከእኔም የበለጠ ያውቀዋል።

ታሪኩን የነገረኝ እሱ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን አቀናጅቶ ይህን ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሸሞንሟናዬ» በሚል ርእስ እንደገና አሳተመው። አሳታሚው ከትንንሾቹ ኢንዲ አሳታሚዎች አንዱ ነው። ኃይሉም በየአገሩ መድረክ ላይ ተመልሶ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የማስተምረው መስሎኝ ነበርና። ቀጥሎ ግን አሰብኩት። «ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ» እያልኩ የምሸሸው ነገር ካሴቱ ከነድራም ማሽኑ ሣጥኔ ውስጥ ኖሯል። እኔ «የአገሬ ዜማ» ብዬ ስሰማው ኖርኩ፤ ማሽን መሆኑን ልብ አላልኩም። ልጄ ከዚያ ተነሥቶ እነ ሮፍናን «ነጸብራቅ» ብለው እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጡትን፣ ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» ብሎ ያወጣውን እየቆነጠረ አሰማኝ። የባህሉ ድምፅ ከማሽኑ ጋር ሲገባና ሲወጣ አኮርዲዮኑን አስታወሰኝ።

በአምስተኛው እሑድ ልጄ «ይሄኛውን ትስቅበታለህ» ብሎ የጀርመኖቹን የ«ክራፍትቨርክ»ን አልበም አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው፣ ስለ ኮምፒዩተር ዓለም የሚናገረው ነው። አልሳቅኩም። ይህን አልበም አውቀዋለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት የሄድኩት ሊፕዚግ ነው፤ ያኔ ምሥራቅ ጀርመን። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ብዙ የውጭ ተማሪ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተማርኩ። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ አንድ ጋናዊ ነበር፤ ከምዕራቡ ሬዲዮ የቀዳውን ካሴት ማታ ማታ ይከፍታል። አንዱ ይህ ነው። እኔ የ20 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ውጭው በረዶ ነው፤ እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ያ እንደ ሮቦት የሚናገር ድምፅ ብርዱን የሚያብስ ይመስለኝ ነበር። «ደም የሌለው ሙዚቃ» ብዬዋለሁ።

ልጄ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነው። የጀርመንኛው እንዳለ ነገርኩት፤ ፈልጎ ከፈተው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ እያስቆምን ተረጎምኩለት፤ ለዚያ ቀን ሕጉን አነሣን። ባንኩም ፖሊሱም የሰውን ቁጥር በማሽን ይዞ ስለሚኖርበት ዓለም፣ በኪስ ስለሚያዝ የሒሳብ ማሽን፣ በየቤቱ ስለሚገባ ኮምፒዩተር። ሰዎቹ ይህን የዘፈኑት ኮምፒዩተር በየቤቱ ሳይገባ ነው። ልጄ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። የሆነ ነገር የማውቅ ሰው ሆኜ በልጄ ፊት ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ከዚያ ስድስተኛው እሑድ መጣ። ስለ እሱ ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የ«ፖስታል ሰርቪስ» ሥራ ነው። «ፖስታ አገልግሎት» እንደማለት ነው። ጂሚ ታምቦሬሎ የተባለው ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ በኮምፒዩተርና በሲንተሳይዘር ዜማውን ይሠራና በፖስታ ይልካል። ቤን ጊባርድ የተባለው ሲያትል ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ግጥምና ድምፅ ይጨምርበትና መልሶ በፖስታ ይልካል። እንዲህ እየተላላኩ አልበሙን ጨረሱ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ስሜን ወሰዳችሁብኝ» ብሎ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ በኋላ ግን ፖስታውን ሊያስተዋውቁ ተስማሙና ስሙን ፈቀደላቸው። አልበሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አልመጣም። ትንሽ አሳታሚ ያወጣው ቢሆንም አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

ሙዚቃውን ወደድኩት። ማሽኑ እንደ ልጅ መጫወቻ ይንጫረራል፤ የሰውየው ድምፅ ግን ትካዜ አለው። ሁለት ሰዎች በተለያየ ከተማ ሆነው እንደሠሩት ያስታውቃል፤ አንዱ የላከውን ሌላው ደጋግሞ ሰምቶ የመለሰ ይመስላል።

ሲያልቅ ልጄ «እስቲ አስበው አባዬ፣ ድምፅ በፖስታ መላክ!» አለ። ለእሱ ተረት ነው።

«እኛም እንልክ ነበር» አልኩት።

በሊፕዚግ ሳለሁ እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። ደብዳቤዋን የሚጽፍላት የጎረቤት ተማሪ ነው፤ ስለዚህ የሚመጣው ነገር የእሱ ቃል እንጂ የእሷ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. አንድ ተማሪ ከእረፍት ሲመለስ ካሴት አመጣልኝ። እናቴ ጎረቤት ቤት ቴፕ ፊት ተቀምጣ የቀዳችው። ያን ካሴት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ ያረፈችው ይህ ልጄ ሳይወለድ ነው። ካሴቱን ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም። መጀመሪያ አልቻልኩም፤ በኋላ ቴፑ ተበላሸ፤ ከዚያ ዓመታት ሄዱ።

ልጄ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ። «ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም» አለ።

ማጫወቻ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርን። በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ አንድ አሮጌ ቴፕ የሚጠግን ሰው አገኘንና የቀለጠውን ላስቲክ ቀየረልን። ካሴቱ ላልቶ ነበርና በቢክ እስክሪብቶ እያዞርኩ ጠቀለልኩት፤ ልጄ ይህን ሲያይ በስልኩ ቪዲዮ አነሣኝ። ከዚያ ተጫንኩት።

መጀመሪያ ሽሽታ፣ ቀጥሎ አውራ ዶሮ፣ ቀጥሎ እናቴ፦ «ይቀዳል እንዴ?»

«ይቀዳል እማማ፣ ይናገሩ» ይላታል የጎረቤቱ ልጅ።

ከዚያ ትናገራለች። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ገብሱ እንዴት እንደያዘ። «ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢህን ሳትለብስ እንዳትወጣ» ትለኛለች፤ ሊፕዚግ ውስጥ ጋቢ ለብሼ ክፍል ስገባ እየታያት መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ትመርቀኛለች፤ ምርቃቱ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ ታቆምና እንደገና «ይቀዳል እንዴ?» ትላለች። እኔ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ልጄ ካሴቱን ወደ ላፕቶፑ እየገለበጠው ነበር።

በሦስተኛው ቀን መጣና ፈቃድ ጠየቀኝ። ለካ ክፍሉን ዘግቶ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚሠራም ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር። የአያቱን ድምፅ በሚሠራው ሙዚቃ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋል።

«አይሆንም» አልኩ፤ ሳላስብ። እንደ እነዚያ ወንድማማቾች ሊያደርገው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ፊቷን አጥፍቶ፣ ድምፅዋን ከትፎ። የሞተ ሰው ድምፅ መጫወቻ ነው እንዴ? ልጄ አልተከራከረም። «እሺ» ብሎ ገባ፤ በሩን ዘጋ። የበሩን መዘጋት ስሰማ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ ዋልኩ። እሑዱን አልዘለልነውም፤ ግን ሰምተን ስንጨርስ የምንለው አጠረ። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ላለችው ታላቅ እኅቴ ደወልኩላት። ነገሩን ሰምታ ቆየችና፣ «አንተ የእማዬን ድምፅ 38 ዓመት በቆርቆሮ ዘግተህ አስቀምጠሃል። እኛ መኖሩን እንኳ አናውቅም። ልጁ ቢያንስ ሊሰማት ነው የፈለገው» አለችኝ። ከዚያም ተቆጣች፤ እስከዛሬ ስላልነገርኳት። ልክ ናት። ሄድፎኑን የቀማሁት እኔ፣ የእናታችንን ድምፅ ከእኅቴ ደብቄ ኖሬያለሁ።

ለልጄ ፈቀድኩ። ሁለት ነገር ግን አስገባሁ፦ ምርቃቱን እንዳይቆርጠው፣ እኛ ሳንሰማው ለማንም እንዳያሰማው። «ምርቃቱንማ አልነካውም» አለኝ፤ እንደ ተሰደበ ሰው።

አራት ደቂቃ ከግማሽ የሚሆን ነገር ሠራ። እሑድ ዕለት እናቱም መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። በአውራ ዶሮው ይጀምራል። የካሴቱን ሽሽታ አላጠፋውም፤ ዝናብ አስመስሎት ከሥር እንዲሄድ አድርጎታል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ በመጀመሪያው እሑድ እንደሰማነው ሩቅ ነው። «ይቀዳል እንዴ?» የሚለው ሦስት ቦታ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ማሽኑ ሁሉ ይቆምና ምርቃቱ ብቻውን ይሰማል፤ አንድ ቃል አልጎደለም።

እናቱ አለቀሰች። እኔ የተሰማኝን በዚያ ሰዓት መናገር አልቻልኩም፤ ስለዚህ የምችለውን ተናገርኩ። «መሐሉ ትንሽ ይንዛዛል» አልኩት።

«የት ጋር?»

ደግመን ከፈትነው፤ አሳየሁት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆረጠ። አሁን የተሻለ ነው።

ወላጆችን ለመምከር የሚበቃ ነገር የለኝም። ካሳለፍኩት ግን ይህን ልበል። የልጃችሁን ሙዚቃ መውደድ አይጠበቅባችሁም፤ አንድ አልበም እስከ መጨረሻው መስማት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ያልወደዳችሁትን አልወደድኩም በሉ፤ ሲያልቅ ግን። ድምፁን ደግሞ ቀነስ አስደርጉ፤ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ድምፅ አብዝተው በመስማት ጆሯቸውን ለአደጋ እያጋለጡ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ የእኔ ግራ ጆሮ ምስክር ነው።

ልጄ በግል ተፈታኝነት እንደገና ለመቀመጥ ተመዝግቧል። ያልፋል አይልም፤ እኔም አልጠይቀውም። ጠዋት ሒሳብ ይሠራል፤ ሄድፎኑ ጆሮው ላይ ነው። ሳልፍ አንዱን ጆሮ ገለጥ ያደርግልኛል።

እኅቴ ሙዚቃውን ገና አልሰማችውም። በስልክ ላኩልኝ ብትልም ልጄ እንቢ አለ፤ ሄጄ ነው የማሰማት ይላል። ለገና ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ነን፤ ቴፑንም ይዘን እንሄዳለን፤ ካሴቱን ደግሞ እንዳለ ለእሷ ልተውላት ወስኛለሁ። በዚያ ቤት ሰው ይሰበሰባል፤ «ልጁ የት ደረሰ?» የሚል አይጠፋም። ልጄ ይህን ያውቃል። ያም ሆኖ ልሂድ ያለው ራሱ ነው።